ልጅ የዘገየበት ቤት

በየዓመቱ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን በወለንጪቲ ከተማ መካከል ያልፋል። ከቦሰት ተራራ አጠገብ የምትገኘው ይህች ከተማ ወደ አዋሽ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ በእነዚያ ቀናት ሰው በደጁ ቆሞ የሚያልፈውን ሕዝብ ይመለከታል። ከተጓዦቹ መካከል ስለታቸው ደርሶላቸው ሕፃን ታቅፈው የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ ገና ስለት ሊሳሉ ባዶ እጃቸውን የሚሄዱም አሉ። የእነዚህን የኋለኞቹን ልብ ጠንቅቆ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን ከዚያችው ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሓፊዋ ስማቸው እንዳይገለጥ ስለ ለመኑን አንገልጠውም። በተክሊል ከተጋቡ ሰባተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ልጅ ግን አልወለዱም። ባለቤታቸው በጎ ሰው እንደ ሆኑ ይመሰክራሉ። ነገር ግን የባለቤታቸው እናት «የልጄ ዘር ሊጠፋ ነው» እያሉ ሌላ ሴት እንዲፈለግ መምከር ጀምረዋል። እኅታችን በሦስት ጠበል ተጠምቀዋል፤ ማሕፀን እናቃናለን ከሚሉ ሴቶች ዘንድ ሄደው ሆዳቸውን ታሽተዋል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ተቀቅሎላቸው ጠጥተዋል። በደብዳቤአቸው መጨረሻ የጠየቁን ጥያቄ አጭር ነው፤ «በደሌ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው። ሚስቲቱ ስለ ደከሙበት ሁሉ በዝርዝር ተጽፎአል፤ ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ስንኳ ወደ ሐኪም ቤት ሄደው ስለ መመርመራቸው ግን አንድ ቃል አላገኘንበትም።

ክብርት እኅታችን ሆይ፥ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፤ በደል የለብዎም። ልጅ አለመውለድ የኀጢአት ምልክት ቢሆን ኖሮ፥ ቅዱሳን ብለን የምናከብራቸው ብዙዎች በኀጢአተኞች ቍጥር በገቡ ነበር። ሣራ ይስሐቅን የወለደችው ካረጀች በኋላ ነው። ርብቃና ራሔል፥ የሳሙኤል እናት ሐና፥ የዮሐንስ መጥምቅ እናት ኤልሳቤጥ ሁሉም ይህን ኀዘን ቀምሰውታል። የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐና ልጅ ስላልነበራቸው በሰው ፊት የተናቁ እንደ ነበሩ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ ግንቦት 1 ቀን የምናከብረው የልደታ በዓልም የእነዚያ የተናቁ ሰዎች የደስታ ቀን ነው። በአገራችንም የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዘመን እንደ ኖሩ በገድሉ ይነገራል። እንግዲህ እነዚህን ሁሉ በበዓላቸው ቀን እያከበረ በጎረቤቱ ያለችውን ልጅ ያልወለደች ሴት የሚንቅ ክርስቲያን ቢኖር፥ አፉና ልቡ አልተስማሙም ማለት ነው።

ሁለተኛው መልሳችን ነገሩ የእርስዎ ብቻ እንዳይደለ ማስረዳት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፥ ለአካለ መጠን ከደረሱት የዓለም ሰዎች 17.5 በመቶ ያህሉ፥ ይኸውም ከስድስት ሰዎች አንዱ፥ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያገኘዋል። በሀብታሙም በድኻውም አገር ቍጥሩ ብዙ አይራራቅም። ሐኪሞች መካንነት የሚሉትም ባልና ሚስት መከላከያ ሳይወስዱ 12 ወራት ወይም ከዚያ በላይ በሥርዓት አብረው ኖረው ፅንስ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ከመቶ ባለትዳሮች 85 ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ስለሚፀንሱ፥ ሠርጉ ሦስት ወር ሳይሞላው «ምነው ዝም አላችሁ?» እያሉ ሙሽራዪቱን ማሳቀቅ አይገባም። ነገር ግን የሴቲቱ ዕድሜ ከ35 ዓመት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ከስድስት ወር በላይ ሳይጠብቁ መመርመር ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ይታወቅ። ምክንያቱ ከሴቲቱ ሊሆን ይችላል፤ ከወንዱ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ በምርመራ ሳይገለጥ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ልጅ ከዘገየባቸው ቤቶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የወንዱ ዘር ጕድለት ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። ይህ ወንድነትን የሚነካ ነገር አይደለም። ጕልበቱ የበረታ፥ በመኝታውም ጤነኛ የሆነ ሰው የዘሩ ቍጥር ያነሰ ወይም እንቅስቃሴው የደከመ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በዓይን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የሴቲቱን ወገን ምክንያቶች ከመዘርዘራችን በፊት ፅንስ እንዴት እንደሚገኝ በአጭሩ እንግለጥ። በሴት ማሕፀን ግራና ቀኝ እንቁልጢ የሚባሉ ሁለት አካላት አሉ። በየወሩ ከአንደኛው አንዲት እንቁላል በስላ ትወጣና፥ ወደ ማሕፀን በሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ትገባለች። የወንዱ ዘር የሚያገኛት በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው። እንቁላሊቱ ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከአንድ ቀን አይበልጥም፤ የወንዱ ዘር ግን በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ፅንስ ሊገኝባቸው የሚችሉት ቀኖች ስድስት ያህል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም እንቁላሊቱ የወጣችበት ቀንና ከእርሱ በፊት ያሉት አምስቱ ናቸው። የወር አበባዋ በ28 ቀን በሚመላለስ ሴት ዘንድ እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ያህል ሲቀረው ነው። እንቁላሊቱ ባትወጣ፥ ወይም ቱቦው ቢዘጋ፥ ወይም ማሕፀኑ ፅንሱን ለመቀበል ባይመች፥ ፅንስ አይኖርም። የሴቲቱ ወገን ምክንያቶች ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ወደ አንዱ የሚመለሱ ናቸው።

በእኛ አህጉር ከሁሉ የሚበረታው የቱቦ መዘጋት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ካስደረገው ምርመራ የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1985 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር። በዚያ እንደ ተገለጠው፥ ከተመረመሩት አፍሪካውያት ከ85 በመቶ በላይ በሚሆኑት ምክንያቱ ከተላላፊ በሽታ የመጣ ሊባል የሚችል ሲሆን፥ በዓለም በጠቅላላው ግን 33 በመቶ ብቻ ነበር። ጥናቱ የቆየ ቢሆንም ትምህርቱ አላረጀም፤ ሊከለከል በሚችል በሽታ ብዙ ቤት ያለ ልጅ ይቀራል ማለት ነው።

እነዚህ በሽታዎች በተለይ ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባሉት ናቸው። ከወንድ ወደ ሴት፥ ከሴትም ወደ ወንድ ይተላለፋሉ። በወንዱ ላይ ሽንት በማቃጠልና መግል በማምጣት ሊታወቁ ይችላሉ። በሴቲቱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰሙ ወደ ማሕፀንና ወደ ቱቦው ይወጡና ውስጡን አቍስለው ጠባሳ ይተዋሉ። ጠባሳውም ቱቦውን ይዘጋዋል። ሴቲቱ አንድ ቀን ስንኳ ሳትታመም፥ የመካንነቷን ምክንያት ከብዙ ዓመት በኋላ ትሰማለች። በጊዜው ቢታወቅ ግን በሽታው በመድኀኒት የሚድን ነበር፤ ባልና ሚስት አብረው መታከም አለባቸው፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ቢቀር በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ወለንጪቲ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ብዙ ከባድ መኪና በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ሹፌሩም ነጋዴውም ብዙ ሌሊት ከቤቱ ርቆ ያድራል። ይህንን የምንናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በሥራው ታምኖ፥ ለትዳሩም ታምኖ የሚኖረው ብዙ ነው። ነገር ግን ከትዳር ውጭ የተደረገ የአንድ ሌሊት ስሕተት ከቤት ወጥታ የማታውቀውን ሚስት ማሕፀን ሊጐዳ እንደሚችል ባሎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። በሽታውን ያመጣው ባል፥ በሽታው ያስከተለውን መካንነት ምክንያት አድርጎ ሚስቱን ቢፈታ፥ ከዚህ የሚበልጥ ግፍ ምን አለ? የቤተ ክርስቲያን ሕግ መኝታችሁ ንጹሕ ይሁን የሚለው ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋም ጠባቂ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ቱቦንና ማሕፀንን የሚጐዱ ሌሎችም አሉ። በወሊድ ጊዜ ወይም ፅንስ ከወረደ በኋላ የገባ ቍስለት አንድ ልጅ የወለደችውን ሴት ሁለተኛ እንዳትወልድ ሊያደርጋት ይችላል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ትኵሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲታይ «ብርድ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ የምንለውም በሽታ በሳንባ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ወደ ማሕፀንና ወደ ቱቦው ወርዶ ሳይታወቅ ሊጐዳ ይችላል። ማሕፀንን ለማቃናት ተብሎ ቅጠልና ሥር ወደ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ቍስለትን ይጋብዛል፤ እኅታችን ከዚህ ነገር ፈጽመው እንዲርቁ እንለምንዎታለን።

ሁለተኛው ወገን የእንቁላል አለመውጣት ነው። ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ መዛባት ነው፤ ሁለትና ሦስት ወር እየዘለለ የሚመጣ ወይም ጭራሽ የቀረ የወር አበባ ለሐኪም ሊነገር ይገባዋል። ከሚያዛቡት ነገሮች አንዱ በእንቁልጢው ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች የሚታዩበት፥ ከሰውነት መወፈርና ከፊት ጠጕር መብቀል ጋር አብሮ የሚመጣ የሆርሞን መታወክ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶ ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት እንደሚያገኛቸው ይገምታል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛት ወይም ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። እጅግ መክሳትም እጅግ መወፈርም እንቁላሉን ሊያስቀረው ይችላል። መልካሙ ነገር ከዚህ ወገን ያሉት ብዙዎቹ በሚዋጥ መድኀኒት የሚረዱ መሆናቸው ነው።

ሦስተኛው ወገን የማሕፀን ነው። በማሕፀን ግድግዳ ላይ የሚበቅል ዕጢ ብዙ ሴቶች ዘንድ ይገኛል፤ ይህ ካንሰር አይደለም፤ ሁሉም መውለድን አይከለክልም። የሚከለክለው ይልቁንም ወደ ማሕፀን ውስጥ ገብቶ የፅንሱን ስፍራ የሚያጣብበው ነው። ሌላው ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ነው፤ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ በየወሩ ይቈስላል። ከመቶ ሴቶች ዐሥር ያህሉን ያገኛል። ስለዚህ በወር አበባዋ ጊዜ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅታት የምትታመም ልጅ ስትኖረን «ስታገቢ ይተውሻል» ብለን አንለፋት።

ዕድሜም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትወለዳለች፤ በኋላ አዲስ አይጨመርም፤ ከ35 ዓመት ወዲህ ቍጥራቸውም ጥራታቸውም ፈጥኖ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰባት ዓመት በየስፍራው መንከራተት የሚያስቈጨው ገንዘብ ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፥ የማይመለስ ጊዜ ስላለፈ ጭምር ነው።

በስሕተት ምክንያት የሚባሉትንም እናንሣ። ቡዳ በላት፥ ዛር አሰራት፥ ረገሟት የሚባለውን እየሰሙ ከጠንቋይ ደጅ መሄድ ሃይማኖታችን የሚከለክለው፥ ሥጋንም የማይጠቅም ነው። የወሊድ መከላከያ ወስዳ ስለ ነበረ መካን ሆናለች የሚባለውም እውነት አይደለም። እርግጥ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ከተቋረጠ በኋላ ፅንስ እስኪገኝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ዐሥር ወር ያህል ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ግን መዘግየት እንጂ መካንነት አይደለም። እየፀነሰች የሚሞትባትን ሴት ደግሞ ሰው «ሾተላይ አለባት» ይላታል። በዚህ ስም ከሚጠራው ነገር አንዱ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው፤ እናቲቱ የደም ዓይነቷ ኔጋቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነው። በእርግዝና በ28ኛው ሳምንትና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊከለከል ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦች ብቻ የሚነገር አለ። በጾም ወራት ተለያይተው የሚተኙ ባልና ሚስት ከላይ የጠቀስናቸው ስድስት ቀኖች በጾሙ ውስጥ ሊያልፉባቸው ይችላሉ። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ስለ ሆነ ሁለት ወር ያህል በዚህ ይሄዳል። ይህንን የምንለው ጾም ይሻር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ዐሥራ ሁለቱ ወራት ሲቈጠሩ ይህ እንዲታሰብ፥ ለሐኪሙም ሳይፈሩ እንዲነገር፥ ለንስሐ አባትም እንዲማከር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኅታችን ሆይ፥ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከባለቤትዎ ጋር ይሂዱ። መጀመሪያ የሚመረመረው የወንዱ ዘር ቢሆን ይመረጣል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከመኝታ ተከልክሎ ናሙና መስጠት ብቻ ስለ ሆነ ሕመም የለውም፥ ወጪውም ከሌላው ያነሰ ነው። ለእርስዎ የወር አበባዎን ቀናት የጻፉበትን ወረቀት ይዘው መሄድ ይጠቅማል። ቀጥሎ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይደረጋል። ቱቦው ክፍት መሆኑን ለማወቅም በማሕፀን ቀለም ተጨምሮ ራጅ ይነሣል። ከወለንጪቲ ተነሥቶ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ መሄድ ሩቅ መንገድ አይደለም፤ ከዚያም በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ ጉዳይ ማዕከል ከፍቶአል፤ በመንግሥት ሆስፒታል ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። በዚያ ከሚሰጠው ሕክምና አንዱ እንቁላልንና የወንድን ዘር ከማሕፀን ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማሕፀን መመለስ ነው። በዚህ መንገድ የተወለደችው የዓለም የመጀመሪያ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች፤ ዘዴውን ካገኙት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስም እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ሕክምና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። በሃይማኖት ረገድም የሚያስነሣው ጥያቄ ስላለ፥ ባልና ሚስት ከመጀመራቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተቀምጠው እንዲነጋገሩ እንመክራለን።

ጠበሉንስ እንተው ወይ? የሚል ይኖራል። አትተዉ። ነገር ግን ጠበል ሐኪምን አይከለክልም፤ ሐኪምም ጠበልን አይከለክልም። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ተጽፎአል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ስለት ተስሎ ወደ ቁልቢ የሚሄደው ሰው በመንገዱ አዳማን ያልፋል፤ በአዳማ ጎራ ብሎ ቢመረመር እምነቱ አይጎድልበትም።

ለክቡር ባለቤትዎ የምንነግራቸው አጭር ነው። በተክሊል ቀን ያጠለቁት አክሊል ልጅ እስኪወለድ ድረስ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ከሚስትዎ በፊት እርስዎ ይመርመሩ፤ ይህንን ያደረጉ ቀን ከሰባት ዓመት ሸክም ግማሹን ከትከሻቸው አወረዱላቸው ማለት ነው። ለእናትዎም በአክብሮት፥ ነገር ግን ቍርጥ ባለ ቃል፥ «እማዬ፥ ነገሩ የሁለታችን ነው፤ ሁለታችንም እየታከምን ነው» ይበሏቸው። የሚስትን ስም ከአማት አፍ የሚጠብቅ ባል እንጂ ሌላ የለም። እናቲቱንም እንለምናለን፤ የልጅ ልጅ ናፍቆትዎ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን እርስዎም ሴት ነዎትና የሴትን እንባ ያውቃሉ።

ሁሉም ተደርጎ ልጅ ባይገኝስ? ይህም ሊሆን ስለሚችል ሳንናገር ብናልፍ ማታለል ይሆናል። ወለንጪቲ ባለችበት በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ አማርኛም ቃሉን ከዚያው ወስዶ የራሱ አድርጎታል። በዚህ ሥርዓት የመጣ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቈጠራል። አሳዳጊ ያጣ ሕፃን ተቀብሎ ክርስትና አስነሥቶ ማሳደግ ከመውለድ የሚያንስ ወላጅነት አይደለም። ይህንን ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ቤትም ጎዶሎ ቤት አይደለም፤ ልጅ በረከት ነው፤ ትዳር ግን ያለ ልጅም ትዳር ነው።

እኅታችን ሆይ፥ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ተጓዦቹ በደጅዎ ሲያልፉ፥ ሕፃን ታቅፈውም ቢሆን ባዶ እጅዎንም ቢሆን፥ አንገትዎን ሳይደፉ እንዲያዩአቸው እንመኛለን። የኢያቄምንና የሐናን ቤት የጎበኘ አምላክ የእርስዎንም ቤት ይጎብኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።